ለአዲስ ተመራቂ ነርሶች የሚከፈት ደጅ

(በጎንደር አራዳ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከተደረገ ንግግር)





የወባ ወረርሽኝ በደንቢያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ በአንድነት እየሠለጠኑ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይሰማሩ ነበር። የዚያን ዘመን ተመራቂ ሥራ ፍለጋ አልተንከራተተም፤ ምድቡ ይጠብቀው ነበር።

የዛሬዋ ባለ ዲግሪ ነርስ ግን የመውጫ ፈተናውን አልፋ፣ የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና ተፈትና፣ የሙያ ፈቃድ ካወጣች በኋላም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ይገጥማታል። እኛም ለአንድ ፕሮጀክት ነርስ ስንፈልግ ይህንኑ ጽፈን ለጥፈናል፤ አንሸሽገውም። አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጃችን አንብባው «ዲያቆን፣ ልምዱን ማን ሊሰጠኝ ነው?» ብላ ስትጠይቀን መልስ አጣን። በቀጣዩ ማስታወቂያ «ዜሮ ዓመት» ብለን ጻፍን።

ከእናንተ የምንለምነው የድጋፍ ደብዳቤ አይደለም፤ እርሱማ ተርፏል። አዳራሻችሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶ የሚውል ከሆነ፣ ለምዘናው የሚያጠኑ ልጆች ይሰብሰቡበት። በዳባትና በደባርቅ የሚወጣ የነርስ ማስታወቂያ ቀኑ ሳያልፍ ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ። ለምዝገባ መሄጃ መሳፈሪያ የሚያጡም አሉና፣ ደብሩ የደርሶ መልሱን ቢችልላቸው። በየአጥቢያችሁ ሥራ ያላገኙትን ተመራቂዎች ስም መዝግባችሁ እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን።