ቁልፉ ተነቅሎ የማይጠፋ መብራት



የአጎቴ መኪና ማታ በደኅና ቆማ ጧት አልነሣ አለች። ሁሉም «ባትሪው አርጅቷል» ብሎ ፈረደ፤ ዘበኛው ግን «የኋላ ቀይ መብራቷ ሲበራ አደረ» አለ።

ጎንበስ ብዬ ባይ፥ ፔዳሉ ሲመለስ የፍሬን መብራቱን ማብሪያ የምትጫነው ላስቲክ ተሰብራ ወድቃለች። ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖሎች ከ12 ቮልት ባትሪ 3.5 አምፔር ሲስቡ አድረዋል። ላስቲኳ ተተክታ ባትሪው ቻርጅ ቢደረግ መኪናዋ ተነሣች።

እንግዲህ ማብሪያውን በጣት ተጫኑት፤ መብራቱ ከጠፋ ላስቲኳን ተኩ። ካልጠፋ ሽቦውን ከማብሪያው ንቀሉ፤ ያን ጊዜ ከጠፋ ማብሪያውን ለውጡ፤ አሁንም ከበራ የቀረውን ሽቦ መርምሩ።

የተረፈው የባትሪ ዋጋ ብቻ አይደለም። ዘወትር የሚበራ የፍሬን መብራት መቆማችንን ለኋላው ሹፌር አይነግረውምና፥ ሕይወትም ነው።