በሚንቀሳቀስ አካል ላይ ያሉ ኃይሎችን በኮምፒዩተር ሥዕል ስለ ማሳየት
የጣና ታንኳ እንደ ምሳሌ



ማለዳ በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ የቆመ ሰው፥ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ማገዶ ጭኖ በጸጥታ ሲያልፍ ያያል። ይህ ታንኳ የኃይል ሥዕልን ለሚማር ወጣት ታላቅ መምህር ነው።

ለምሳሌ ያህል ታንኳው፥ ቀዛፊውና ጭነቱ በአንድነት 200 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፥ ክብደታቸው ወደ ታች 1,960 ኒውተን ያህል ነው። ታንኳው ስለማይሰምጥ ውኃው በዚያው መጠን ሽቅብ ይገፋዋል፤ ይኸውም 200 ሊትር ውኃ ከቦታው ተነሥቷል ማለት ነው። መቅዘፊያው ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፋ፥ ውኃው በአጸፋው ታንኳውን ወደ ፊት ይገፋል። ፍጥነቱ ሳይለወጥ በሚጓዝበት ጊዜ ይህ ግፊትና የውኃው ተቃውሞ እኩል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 40 ኒውተን ናቸው እንበል።

ቀዛፊው መቅዘፊያውን ከውኃ ቢያወጣስ? ታንኳው ወደ ፊት መንሸራተቱን ወዲያው አያቆምም። ተማሪው ይህን አይቶ ብዙ ጊዜ ወደ ፊት የሚያመለክት የኃይል ቀስት ይሥላል። ይህ ስሕተት ነው። በዚያች ቅጽበት በአግድም የቀረው የውኃው ተቃውሞ ብቻ ነው፤ ስለሆነም የታንኳው ፍጥነት በሴኮንድ ውስጥ 0.2 ሜትር በሴኮንድ ያህል በሚቀንስበት መጠን መውረድ ይጀምራል። ወደ ፊት የሚያመለክተው ቀስት የፍጥነት እንጂ የኃይል አይደለም።

ኮምፒዩተር ግን ይህን አይለይም፤ የተሳሳተውንም ቀስት እንደ ትክክለኛው አሳምሮ ይሥላል። ስለዚህ ሠዓሊው ሦስት ነገሮችን ይጠብቅ ዘንድ ይገባል። አንደኛ፥ ፍጥነትን በሌላ ቀለም ከኃይል ይለይ። ሁለተኛ፥ ለእያንዳንዱ የኃይል ቀስት ገፊው ወይም ሳቢው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ መልስ የሌለው ቀስት ይሰረዝ። ሦስተኛ፥ መለኪያው ይገለጽ። 1 ሴንቲ ሜትር 200 ኒውተን ቢወክል፥ የክብደቱ ቀስት 9.8 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የተቃውሞው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። እንዲታይ ብሎ በግምት ማስረዘም ሥዕሉን ሐሰት ያደርገዋል፤ የአግድሙን ኃይል በሌላ መለኪያ ለብቻው መሣል ይሻላል።

ከሥዕል አንድ መስመር መጉደል ምን እንደሚያስከትል የጣና ደንገል ራሱ ምስክር ነው። ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ራ የተባለውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ጀልባው ወለል የሚወርድ ገመድ ይታያል። ሠሪዎቹ ጫፉ ያለ ገመዱም እንደተቆለመመ ስለ ቆየ፥ ገመዱን እንደማያስፈልግ ቈጥረው ተዉት። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የጀልባው ኋላ እየዘቀጠ ሄደ፤ ተጓዦቹም ባርቤዶስ ሳይደርሱ ጥለውት ወጡ። ያ ቀጭን መስመር ጌጥ ሳይሆን የኋላውን ክፍል ደግፎ የሚይዝ ኃይል ነበር። በ1970 ሁለተኛው ራ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ።

በጣናም ጉዳዩ የሕይወት ነው። ደንገሉ 40 ኪሎ ግራም ውኃ ከጠጣ የክብደቱ ቀስት በ390 ኒውተን ያህል ይረዝማል፤ ታንኳው በዚያው ልክ ጠልቆ ይሄዳል፤ ከውኃው በላይ የሚቀረውም ጠርዝ ያንሳል። ቀዛፊው ከጉዞ በኋላ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ የሚያደርቀው ይህን ስለሚያውቅ ነው። እርሱ በእጁ የሚያውቀውን መሐንዲሱ በሥዕሉ ሊያሳይ ይገባዋል።