አዲስ መምህርና አዲስ አራሽ



የዛሬው ንግግራችን ስለ አዲስ መምህር ነው። «ታዲያ የመምህር ነገር እኛን ገበሬዎቹን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አዎን፣ ያገባችኋል። መምህሩ በራሱ ሲተማመን ልጆቻችሁ ይማራሉ። መምህሩ ፈርቶ ዓመቱን ሳይጨርስ ሲሄድ ልጆቻችሁ ወደ ከብት ጥበቃ ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ከትምህርት የራቀ ልጅ ደግሞ መመለሱ ይከብደዋል። ይህን የምንላችሁ በገጠር ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት የቆየን መምህራን ነን።

በመስከረም ወር ትምህርት ቤት ሲከፈት አንድ ወጣት ሥልጠናውን ጨርሶ ይመጣል። ዕድሜው ሃያ ወይም ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው። ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ብቻውን ያድራል። ጧት ክፍል ሲገባ 60 ወይም 70 ልጆች ዓይናቸውን ይተክሉበታል። ጠመኔውን ሲያነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል። በልቡም «ያቅተኝ ይሆን? ልጆቹ ቢስቁብኝስ? የማላውቀውን ቢጠይቁኝስ? ወላጆቹ ይኼማ ገና ልጅ ነው ቢሉኝስ?» ይላል። እኛም ሁላችን በዚህ አልፈናል።

ይህን ነገር እናንተ በእርሻ ታውቁታላችሁ። ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕርፍ ሲጨብጥ ምን ይሆናል? ትልሙ ይጣመማል። ማረሻው አንዴ ይጠልቃል፣ አንዴ አፈሩን ሳይነካ ይንሸራተታል። በሬዎቹም የአዲስ ሰው እጅ ያውቃሉና ይለግማሉ። ታዲያ አባት ዕርፉን ነጥቆ ልጁን ወደ ቤት ይሰደዋል? አይሰደውም። «አጥብቀህ ያዝ፣ ፊት ፊትህን እይ» እያለ አጠገቡ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ትልሙ ይቀናል። ወይፈንም ሲገራ ሥራ ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል እንጂ ከሌላ ወይፈን ጋር አይጠመድም። አዲስ መምህርም ነባር መምህር አጠገቡ ሲሆን፣ የነባሩን ክፍል ገብቶ ሲያይ፣ ነባሩም የእርሱን ክፍል ገብቶ ሲያይለት ቶሎ ይቀናል።

ፍርሃት ሁሉ ክፉ አይደለም። አንዱ ፍርሃት ማታ በኩራዝ መጽሐፍ ያስገልጣል፣ የነገውን ትምህርት ያሰናዳል። ይህ ይጠቅማል። ሌላው ፍርሃት «አልችልም» አሰኝቶ ሻንጣ ያስይዛል። ይህ ይጎዳል።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። ፊደላችን 33 ነው፤ ሰባት ሰባት ሆኖ ሲቆጠር 231 ይሆናል። መምህሩ ይህን ሲያስቆጥር አንድ ልጅ ተነሥቶ «ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት ሆኑ?» ይላል። እናንተም ፊደል ስትቆጥሩ ይህን ሳታስቡ አልቀራችሁም። በራሱ የማይተማመን መምህር «ዝም ብለህ ተቀመጥ!» ይላል። ልጁም ሁለተኛ አይጠይቅም። በራሱ የሚተማመን መምህር ግን «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ነገ አጣርቼ እነግርሃለሁ» ይላል። ማታ ያነባል፣ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። በማግሥቱም «በጥንቱ በግዕዝ ሦስቱም የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆነ፤ በትግርኛ ግን ሀ እና ሐ ዛሬም ይለያሉ» ብሎ ያስረዳል። ልጆቹ ያን ቀን ሁለት ነገር ይማራሉ፤ አንዱ የፊደሉን ነገር፣ ሁለተኛው ያላወቁትን መጠየቅ ነውር አለመሆኑን።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ወጣት ተማሪዎች ነበሩ። በአባትና በአያት ዕድሜ ላሉ ሰዎች ፊደል ማስቆጠር ነበረባቸው። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። በዚያ ጊዜ የወጣቱን ፍርሃት የሰበረው ሌላ ነገር አልነበረም፤ ሽማግሌው ከፊቱ ተቀምጦ «እሺ ልጄ፣ ቀጥል» ማለቱ ነው።

ታዲያ ከእናንተ ምን ይፈለጋል?

1ኛ/ መምህሩን በልጆች ፊት አታቃልሉት። ልጃችሁ ቢሆንም «መምህር» በሉት፤ ሴት ከሆነች «መምህርት» በሏት። ወላጅ ያላከበረውን መምህር ልጅ አያከብረውም።

2ኛ/ ልጆቻችሁን በየቀኑ ላኩ። በአጨዳ ጊዜ ክፍሉ ባዶ ሲሆን አዲሱ መምህር «የቀሩት እኔ ማስተማር ስላልቻልሁ ነው» ብሎ ያዝናል። ልጁ የሚቀርበት ምክንያት ካለ ሄዳችሁ ንገሩት።

3ኛ/ ቅሬታ ሲኖራችሁ ለብቻው አነጋግሩት። መልካሙንም አትደብቁት። «ልጄ እኮ ስሟን ጻፈች!» የሚል አንድ ቃል መምህሩን ብዙ ቀን ያበረታዋል።

4ኛ/ ብቻውን አትተዉት። ቡና ሲፈላ ጥሩት፣ በበዓል ቀን አስቡት። ለመምህርቷም የሚዘጋ በር ያለው ደኅና ቤት ፈልጉላት።

እናንት አዲስ መምህራንም ስሙ። በራስ መተማመን ተምረው ይዘውት የሚመጡት ዕቃ አይደለም፤ በሥራ ላይ ይገኛል። የልጆቹን ስም በመጀመሪያው ሳምንት አጥኑ። ሳትሰናዱ ክፍል አትግቡ። ትናንት ለንና ሰን ያቀያይር የነበረ ልጅ ዛሬ ለይቶ ካነበበ የሠራችሁት ሥራ ይኸው ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ወገኖቻችን! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ልጆችን የማስተማሩን ሸክም በአንድ ወጣት ጫንቃ ላይ ብቻ አንጣለው።

እንወያይ፦ በቀበሌያችን ትምህርት ቤት ዘንድሮ የመጣ አዲስ መምህር አለ? ስሙን እናውቃለን? ቤቱን ጎብኝተናል?