ልጅ የምትሻ ሴትና የታመመ ማህፀኗ



ልጅ ያላፈራ ትዳር ሲፈርስ ጣት ወደ ማን እንደሚቀሰር ታውቃላችሁ። ዛሬ የማነሣው «መካን» ከሚለው ስድብ ጀርባ ሊደበቅ የሚችል አንድ ሕመም ነው፤ አዴኖማዮሲስ ይባላል።

ማህፀን ከውስጥ በስስ ሽፋን የተለበጠ ጡንቻ ነው። ሽፋኑ በየወሩ ይወፍራል፤ ፅንስ ካልተያዘ ይረግፍና በወር አበባ ይወጣል። በዚህ ሕመም ግን የሽፋኑ ሕዋሳት፣ ጭቃ ግድግዳ ውስጥ እንደገባ የሣር ሥር፣ ጡንቻው ውስጥ ዘልቀው ይበቅላሉ። እዚያም ሆነው በየወሩ ይደማሉ፤ ደሙ መውጫ የለውም። ጡንቻው ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ማህፀኑም ያብጣል። ፅንስ መያዝ ይከብዳል፤ የተያዘውም ሊወርድ ይችላል። ይህ ማለት ግን ታማሚ ሁሉ አትወልድም ማለት አይደለም።

ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ፎን ሮኪታንስኪ ስለ ሕመሙ የጻፈው በ1860 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን የሚረጋገጠው ማህፀን ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነበር። ልጅ ለምትሻ ሴት እንዲህ ያለ ምርመራ ምን ይፈይዳል? ዛሬ በብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ፣ በሠለጠነ እጅ ከሆነ፣ ሕመሙን ያሳያል፤ ሲያጠራጥርም ኤምአርአይ አለ።

ሕክምናው ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሴት የምትጎዳው እዚህ ነው። ሆርሞን ያለው ሉፕ ሕመሙ የሚያመጣውን ብዙ ደምና ቁርጠት ያስታግሳል፤ ነገር ግን ያው የወሊድ መከላከያ ነው። የሆርሞን ክኒኖችም እርግዝናን ይከላከላሉ ወይም ያዘገያሉ። ማህፀን ማውጣት በሽታውን ከሥሩ ይነቅላል፤ ተስፋዋንም አብሮ። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት «መውለድ ትፈልጊያለሽ?» ተብላ ትጠየቅ። ከፈለገች፣ ከደሙ መብዛት የመጣ ደም ማነስ ካለባት ይታከማል፤ እንደ ዕድሜዋና እንደ ሕመሙ ስፋትም እንቁላል ማምረቻዋን ለጥቂት ወራት የሚያሳርፍ መርፌ፣ ቀጥሎም ከሰውነት ውጭ ፅንስ የማዳቀል ሕክምና ሊታሰብ ይችላል። መርፌው ለሁሉም እኩል አይሠራም፤ ተስፋ የሚሸጥላችሁን ተጠንቀቁ።

የታመመውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ማህፀኑን መስፋትም ይቻላል። እዚህ ላይ የወረዳችንን የሰሃላን አስቸጋሪ መንገድ አስቡ። የተሰፋ ማህፀን በእርግዝና ወይም በምጥ ሊቀደድ ይችላል። እንዲህ የታከመች ሴት ምጧን ቤቷ ሆና አትጠብቅ፤ ወሯ ሳይደርስ ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል አጠገብ ትረፍ። ቃሬዛ ሸክም በምጥ ሰዓት የሚያደርሰው ዘግይቶ ነው።

ለምርመራው መነሻ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሰቆጣ ያለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፤ መንገዱ ይኸው ነው። ፅንስ ማዳቀሉ ግን ሩቅ ነው፤ በመንግሥት ደረጃ የመጀመሪያው ማዕከል በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። ለልጅ ብላችሁ የምትጠመቁትን ጠበል የሚከለክላችሁ የለም፤ ከአልትራሳውንድ ጋርም አይጣላም።

የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ በየወሩ ደም የሚያጥለቀልቃትን ሴት «የሴት ዕጣ ነው» ብላችሁ አትመልሷት። ዓመት ሙሉ ሞክራ ያላረገዘች፣ 35 ዓመት ካለፋትም ስድስት ወር የሞከረች፣ ትመርመር።

ባሎችም፣ ከልጅ ማጣት ግማሽ በሚያህለው የወንድ ችግር ድርሻ አለበት። የዘር ፈሳሽ ምርመራ አያምምም። ሚስታችሁን ከመፍታታችሁ በፊት አብራችኋት ሐኪም ዘንድ ግቡ።