የሚጠፋው ቃል በማን ትእዛዝ ይጥፋ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



የማነሣው ጉዳይ፣ በፌስቡክና በቴሌግራም የተጻፈ ቃል ክፉ ሆኖ ሲገኝ ይጥፋ ብሎ ማዘዝ የሚገባው ማን ነው የሚል ነው።

ክፉ ቃል ለሞት እንደሚያደርስ የታወቀ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ. ም. አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በፌስቡክ ስማቸው ሲጠፋ ከሰነበተ በኋላ በመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ ተገደሉ። ልጃቸውም የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ዓ. ም. ክሱን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። እንግዲህ ማንም የፈለገውን ይጻፍ ማለት አይቻልም።

ስለዚህም በ2012 ዓ. ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ። አዋጁ የጥላቻ ንግግር ያደረገውን ሰው እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሡ ይላል። ልብ በሉ፤ ሰውየውን ለመቅጣት የዳኛ ፍርድ ያስፈልጋል፤ ቃሉን ለማጥፋት ግን ጥቆማ ይበቃል።

ጠቋሚው ተራ ሰው ቢሆን ድርጅቱ መርምሮ እንቢ ሊል ይችላል። ባለሥልጣን ሲሆን ግን ጥቆማው እንደ ትእዛዝ ይቈጠራል፤ አገልግሎቱን በሙሉ ሊዘጋ ይችላልና። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ. ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ 5 ወር ያህል ተዘግተው ነበር። ደግሞም መንግሥት ራሱ ተናጋሪ ነው፤ በጥቅምት 2014 ዓ. ም. ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን አንድ ጽሑፍ ለጠብ ያነሣሣል ብሎ አጥፍቶአል። ተናጋሪ የሆነ ወገን በሌላው ተናጋሪ ላይ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባውም።

በሰፈራችን በሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። አንዱ ሱቅ የተሰረቀ ዕቃ ሸጠ ቢባል ተራው በሙሉ አይዘጋም፤ ከሳሹ ይቀርባል፣ ዕቃው ይታያል፣ ሻጩ ይጠየቃል፣ ዳኛ ይፈርዳል። ለቃልም እንዲሁ ቢደረግ ምን ይከፋል?

በአሜሪካ ሚዙሪና ሉዊዚያና የተባሉት ግዛቶች፣ መንግሥት ድርጅቶችን እየገፋፋ ጽሑፍ አስጠፍቶአል ብለው ከሰው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በሰኔ 2016 ዓ. ም. ጉዳቱ ከመንግሥት ግፊት የመጣ መሆኑን አላሳያችሁም ብሎ ክሱን ሳይቀበል ቀረ። በጓዳ የሚደረግ ግፊት ለማስረዳት እንዴት እንደሚያስቸግር ከዚህ እንማራለን።

እሳት ሲነሣ ዳኛ እስኪቀመጥ አይጠበቅም የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ቃሉ ለጊዜው ይነሣ፤ ነገር ግን ያስነሣው ባለሥልጣን ስሙንና ምክንያቱን በጽሑፍ ይግለጽ፤ ለጸሐፊውም ይነገረው፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ዳኛ ይየው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ሲያረጋግጥ፣ ይህ ነጻነት የሚገደበው በሕግ ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል።

ተማሪዎች ሆይ፤ ነገ ከመካከላችን ዳኛም፣ ባለሥልጣንም፣ ጸሐፊም ይወጣል። በየትኛውም ወንበር ብንቀመጥ ይህን ሥርዓት እንድናስከብር አደራ እላለሁ።