ማንቂያው መድኃኒት ለአደጋ እንጂ ለችኮላ አይደለም
ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎችና ለልማት ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የጋሪ ፈረስ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። እህሉ ገበያ የሚደርሰው፣ ውኃው የሚመላለሰው፣ ሕመምተኛውም ጤና ጣቢያ የሚወሰደው በብዙ ቦታ በእርሱ ጉልበት ነው። ስለዚህ ፈረሱ ሲቆስል ወይም ሰኮናው ሲመግል ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ይሠራልኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ባለሙያውን ሊያስቸኩለው ይችላል። ስለ ማንቂያ መድኃኒት ዛሬ የምንነጋገረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፈረስን አፍዝዘን ለማከም በብዛት የምንጠቀምበት መድኃኒት ዛይላዚን ነው። ይህ መድኃኒት ንቃትን የሚያነሣሣው ኖርአድሬናሊን በነርቮች ውስጥ እንዳይለቀቅ ይገታል። ፈረሱ እንደ ቆመ ራሱን ወደ ታች ይጥላል፤ ከንፈሩ ይላላል፤ የልቡ ምት ይዘገያል፤ የአንጀቱ እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ ሕመሙም ይታገሥለታል። በደም ሥር ሲሰጥ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በራሱ ይለቃል።

ማንቂያዎቹ ዮሂምቢን፣ ቶላዞሊንና አቲፓሜዞል ይባላሉ። ዛይላዚን የሚያርፍበትን የነርቭ መቀበያ በመያዝ ሥራውን ያስቆሙታል። መጠን የበዛበትን፣ የልቡ ምት እጅግ የዘገየበትን ወይም መተንፈስ ያስቸገረውን እንስሳ ከሞት ሊያተርፉት ይችላሉና ጥቅማቸው ከፍተኛ ነው።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛ፣ ማንቂያው ፍዘቱን ብቻ ነጥሎ አያነሣም፤ የሕመም ማስታገሻነቱንም አብሮ ያነሣል። ቁስሉ ገና የተሰፋ ፈረስ በድንገት ሲነቃ ሕመሙ ሁሉ ይሰማዋል፤ ሊደነብርና ሰው ሊረግጥ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ማስታገሻ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለተኛ፣ በደም ሥር በፍጥነት ከተሰጠ የልብ ምትን ሊያጣድፍ፣ የደም ግፊትን ሊያወርድ፣ ላብና መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። በክብደት ተሰልቶ፣ በዝግታ፣ በባለሙያ እጅ ብቻ ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ እነዚህ ማንቂያዎች የሚሠሩት ለዛይላዚንና ለወገኖቹ ነው፤ ለአሴፕሮማዚን ግን የራሱ ማንቂያ የለውም። ስለዚህ የተሰጠው መድኃኒት ስሙ፣ መጠኑና ሰዓቱ ወዲያው በመዝገብ ይጻፍ። የማንቂያው ኃይል ቀድሞ ካለቀ ፍዘቱ ሊመለስ ስለሚችል እንስሳው ከነቃ በኋላም ይጠበቅ።

ለጤነኛ ፈረስ ከሁሉ የሚሻለው ማንቂያ ጊዜ ነው። ጋሪው ይፈታለት፤ ጥላና ጸጥታ ባለበት፣ በማያንሸራትት መሬት ላይ ይቁም። ራሱን ቀና አድርጎ በሚገባ እስኪራመድ ድረስ ሣርም ገፈራም አይሰጠው፤ ፈዝዞ ሳለ ቢበላ ምግቡ በጉሮሮው ሊወተፍ፣ አንጀቱም ገና ስላልነቃ ቁርጠት ሊይዘው ይችላል። በዚያ ቀንም ጋሪ አይጎትት። በቅሎ በክብደቷ ልክ ሲሰላ ከፈረስ ከፍ ያለ መጠን ስለምትፈልግ የአንዱን መጠን ለሌላው አንስጥ።

ይህ ዕረፍት ለባለቤቱ የአንድ ቀን ገቢ እንደሚያሳጣው እናውቃለን። ስለዚህ መርፌው ከመወጋቱ በፊት እንንገረው፤ አስቸኳይ ካልሆነ ሕክምናው ከገበያ ቀን ውጭ ይቀጠር። የጋሪ ባለቤቶች ማኅበራትም ፈረሱ ለታመመበት አባል ተራ እንዲሰጡ ወይም እንዲደጉሙት እንምከራቸው። የአንድ ቀን ዕረፍት የተነፈገው ፈረስ ቢወድቅ ቤተሰቡ የሚያጣው የብዙ ዓመት እንጀራውን ነው።

የሰንበት ዕረፍት በሕገ ኦሪት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለሚያገለግለው እንስሳም ታዝዟል። የታከመ ፈረስ እስኪነቃ መታገሥም ከዚህ ርኅራኄ የሚቈጠር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።