ሞተር ቤንዚን እንዳይጠማው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





ስለ አውቶሞቢል ወሬ በተነሣ ቍጥር ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው «የስንት ፈረስ ጉልበት ነው?» ብለን ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው በሞተር ላይ አንድም የፈረስ ጉልበት ስለማይጨምር፥ ነገር ግን ያለውን ጉልበት ከጥፋት ስለሚጠብቅ ትንሽ ዕቃ ነው። ይኸውም ሰርጅ ታንክ የሚባለው ተጨማሪ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ነው።

በፊዚክስ እንደ ተማርነው፥ በጉዞ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የያዘውን አቅጣጫ በገዛ ራሱ አይለውጥም። ቤንዚንም እንዲሁ ነው። መኪናው በፍጥነት ወደ ግራ ሲታጠፍ በሳልባትዮው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ቀኝ ይሸሻል። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከመሬት ስበት ጋር እኩል በሆነ ጊዜ የቤንዚኑ ገጽ 45 ዲግሪ ያዘነብላል። ያን ጊዜ ሳልባትዮው ሙሉ ካልሆነ፥ ፓምፑ በቤንዚን ፈንታ አየር ሊስብ ይችላል።

በቀድሞዎቹ መኪናዎች ካርቡራተሩ የራሱ ትንሽ መያዣ ስለ ነበረው ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ከዚያ ይጠጣ ነበር። ቤንዚን በግፊት በሚረጭባቸው ሞተሮች ግን ይህ መጠባበቂያ የለም። አየር በገባ ጊዜ ግፊቱ ይወድቃል፤ ወደ ሲሊንደር የሚደርሰው ቤንዚን ያንሳል፤ ሙቀቱ ይበዛል። ቱርቦ ባለው ብርቱ ሞተር ይህ ለጥቂት ሰኮንድ እንኳ ቢቆይ ፒስቶን ሊቀልጥ ይችላል።

መድኃኒቱ ውሃ አንዴ መጥቶ አንዴ በሚጠፋበት ሰፈር እናቶቻችን የሚያደርጉት ነው። ቧንቧው ሲመጣ በርሜሉን ይሞላሉ፤ ሲጠፋ ከበርሜሉ ይቀዳሉ።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፥ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ከሳልባትዮው እየሳበ ትንሹን ታንክ ይሞላል። ሁለተኛ፥ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ከትንሹ ታንክ ግርጌ ወስዶ፥ በፍልትሮ አሳልፎ፥ ወደ ሞተሩ ይልካል። ሦስተኛ፥ ሞተሩ ያልተጠቀመበት ቤንዚን በግፊት መቈጣጠሪያው በኩል ወደ ትንሹ ታንክ ይመለሳል። አራተኛ፥ ከትንሹ ታንክ ራስ የሚነሣ ቱቦ አየሩንና ትርፉን ቤንዚን ወደ ሳልባትዮው ይመልሳል። ይህ አራተኛው ቱቦ የጠበበ ወይም የተጣመመ እንደ ሆነ አየሩ መውጫ ያጣል።

አሁን ደግሞ ልኩን በሂሳብ እንመልከት። የቶዮታ 2ጄዜድ ቱርቦ ሞተር 6 ሲሊንደርና 3 ሊትር ሲሆን፥ በጃፓን አገር የተሸጠው 280 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ነው። አንድ ባለሙያ ወደ 400 አደረሰው እንበል። በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ቤንዚን ይፈጃል ብንል፥ ጠቅላላው 108 ኪሎ ግራም፥ ማለት 146 ሊትር ያህል ነው። ይህም በሰኮንድ 40 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። እንግዲህ አምስት ሰኮንድ የሚፈጅ መታጠፊያ 200 ሚሊ ሊትር ስለሚጠይቅ፥ 2 ሊትር የሚይዝ ታንክ ከዐሥር አንድ እጁን ብቻ ያጣል። ነገር ግን የመጀመሪያው ፓምፕ በሰዓት ከ146 ሊትር በላይ ካልሰጠ፥ ትንሹ ታንክ በቀጥታውም መንገድ ላይ ቀስ በቀስ ይደርቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥንቃቄ ነው። ሥራው ሳይጀመር ባትሪው ይፈታ። ታንኩ ከሰዎች መቀመጫ በብረት ግድግዳ ይለይ። ቱቦው ለቤንዚንና ለግፊት የተሠራ ይሁን፤ የራዲያተር ጎማ ቱቦን ቤንዚን ያበላሸዋልና። በመጨረሻም ሞተሩ ሳይነሣ ፓምፖቹ ብቻ እየሠሩ መጋጠሚያው ሁሉ አንድ በአንድ ይመርመር፤ የእሳት ማጥፊያም በአጠገብ ይኑር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለምን?

ወላጆቻችን ሆይ፥ ይህን የመሰለ ሞተር ቦታው የውድድር ሜዳ እንጂ ሕፃናት የሚሻገሩበት መንገድ አይደለም። ልጃችሁ በሞተር ላይ ጉልበት ልጨምር ባላችሁ ጊዜ አትከልክሉት፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሂሳቡን በወረቀት ያሳያችሁ። የሚጠጣውን ሳያሰናዱ ጉልበት መጨመር፥ ስንቅ ሳይዙ ሩቅ አገር እንደ መሄድ ነውና።